የዓይናማዋ ጓንት

በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ሁላችንም «ዓይናማዋ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው። በሠላሳ ዓመት የነርስነት ሥራቸው ለሦስት ሰው የጠፋን የደም ሥር በአንድ ጣታቸው ዳሰው ያገኙታል። ዓይናማ ያሰኛቸው ግን ሌላ ነው። አዲስ በሽተኛ ሲገባ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርገው ያያሉ። ቢጫ ካዩ ጓንት ያጠልቃሉ። ነጭ ከሆነ ግን «ሰውን እንደ ቆሻሻ በፕላስቲክ ልንካው እንዴ?» ብለው በባዶ እጃቸው ይወጋሉ። ያገለገለውንም መርፌ መልሰው ይከድኑታል። ለሠራተኛ የጉበት ክትባት የመጣ ጊዜ «ለልጆቹ ይሁን፣ እኔ አርጅቻለሁ» ብለው ተራቸውን ለቀቁ።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የጉበት ቫይረስ ዓይን ቢጫ ሳያደርግ ለዓመታት በደም ውስጥ እንደሚቀመጥ አሳምሬ አውቃለሁ። አንድ ሁለቴ ልናገር አሰብኩና «መርፌ አያያዝ ያስተማርኩሽ ልጅ!» የሚሉኝ መሰለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ባለፈው ወር የክፍሉ በሽተኞች በሙሉ ይመርመሩ ተባለ። ከስልሳ ሁለቱ ሰባቱ ላይ የጉበት ቫይረስ ተገኘ። ዓይናቸው ቢጫ የሆነው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከቀሩት አምስት አንዱ እትዬን በቀልድ ሲያስቋቸው የከረሙት ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ።

በነጋታው እትዬ እኔ ጋ መጥተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ደም ቅጂኝ። መርፌ ስከድን ስንቴ ጣቴን እንደወጋኝ እንጃ።»

ጓንት ሳጠልቅ የተጸየፍኳቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁ።

ውጤቱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እስኪደርስ ድረስ ሊወለድ አንድ ወር ስለቀረው የልጅ ልጃቸው አወሩኝ። ሁለተኛዋ መስመር፣ ቫይረሱ አለ የምትለዋ፣ ብቅ ስትል ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

«ክትትል አለው፣ እትዬ። መድኃኒትም አለ። ቤተሰቡ ይመርመር፣ ይከተብ» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«በዓይን እንደማይለይ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እርስዎን ማረም ነውር መሰለኝ። አክብሬዎት ነው።»

እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መለሱ።

«ማክበርሽ ምን ጠቀመኝ፣ ልጄ?» አሉ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ነው የጠየቁኝ።