ቃሌን ማንም አይጨርስልኝ

እኔ ስንተባተብ ሰው ይቸኩላል። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ስላየሁት አልሳሳትም። ገና የመጀመሪያውን ድምፅ ስጀምር ፊት ለፊቴ የቆመው ሰው ይቁነጠነጣል፣ ዓይኑ ይጠባል፣ ከዚያ ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ራሱ ይለዋል። ብዙዎቹ ደግሞ በጎ የሠሩ ይመስላቸዋል፤ ፈገግ ብለው ምስጋና ይጠብቃሉ። እኔ አላመሰግንም። መጥፎ ጠባይ ነው ካላችሁ፣ መጥፎ ጠባይ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጭነን ስንመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "ስታድግ ይለቃታል" ትል ነበር። አደግኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አሽቀሎን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ቤት ሽማግሌ እያጠብኩና እያበላሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አልለቀቀኝም። በአማርኛም በዕብራይስጥም እኩል ይይዘኛል፣ በዚህ በኩል አያዳላም። ከሁሉም የሚብስብኝ ግን "ከ" ነው። እሷ ስትመጣ ጉሮሮዬ ጥርቅም ይላል፣ አንገቴ ይገተራል፣ ትንፋሽ እንኳ አይወጣም። አረጋውያኑ አይቸኩሉም። የሚሄዱበት ስለሌላቸው ይሆናል፣ እወዳቸዋለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት ግቫት ጺዮን ባለው ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው በሚሰበሰብበት አዳራሽ ማለቴ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የሚንተባተቡ ሰዎች እንደሚገናኙ ሰማሁና ሄድኩ። ሰባት ነን። ታላቃችን ከሩሲያ የመጣ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፦ የሰው ቃል አይጨረስም። አንዱ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ደቂቃ ቢቆም፣ ሁለት ደቂቃ እንቀመጣለን። አንጠቁምም፣ ራሳችንን እየነቀነቅን አናጣድፍም። መጀመሪያ ቀን ስሜን ስናገር ስድስት ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ እንዴት እንደሆንኩ ልነግራችሁ አልችልም። ቤቴ ገብቼ ምሳ ዕቃዬን እያጠብኩ ነበር እንባዬ የመጣው።

ሌላም ልማድ አለን። ከመሃላችን የአንዱ በዓል ሲደርስ፣ ሌሎቻችን በባለበዓሉ ቋንቋ እንኳን አደረሰህ እንላለን። በአፋችን ነው እንጂ በስልክ ጽፎ መላክ አይቆጠርም። ጽሑፍ ለእኛ መደበቂያ ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ስልክ ሲጠራ አጥፍቼ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ብዬ ጽፌያለሁ። ምን ስብሰባ! ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየላጥኩ።

አንዷ ጓደኛችን ሙስሊም ናት። ከደቡብ፣ በደዊን የሚባሉት ዓረቦች ከሚኖሩበት ከተማ በየቀኑ እየተመላለሰች እዚሁ አሽቀሎን፣ ራማት ኤሽኮል ሰፈር በሚገኝ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ፋርማሲስት ናት። ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፣ ሂጃብ ታደርጋለች፣ ከሁላችንም ይልቅ እሷን ክፉኛ ይይዛታል። እኔ እንደ ከበሮ እደጋግማለሁ፤ እሷ ግን ጭራሽ ድምፅ አይወጣትም። አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ሰው ላይ ተተክሎ፣ ጸጥ። የማያውቃት ሰው የምትለው የጠፋት ይመስለዋል። የምትለውን ግን አሳምራ ታውቃለች።

አንድ ዓመት በስግድ፣ በእኛ በቤተ እስራኤሎች በዓል፣ ይቺ ልጅ ከወንበሯ ተነሥታ "እንኳን ለስግድ በዓል በሰላም አደረሰሽ" አለችኝ። በአማርኛ፣ አንድም ሳታጎድል። መድኃኒት ቤቱን የምታጸዳ ሴት አስጠንታት ኖሯል። ስንት ጊዜ እንደተያዘች አልቆጠርኩም፤ ላቧ በግንባሯ ሲወርድ ግን አየሁ። "መልካም በዓል" ብላ ልታሳጥረው ትችል ነበር። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ስግድ መሆኑንም አያውቁ፤ ይቺ ከዒዷ ሌላ በዓል የማያገባት ሴት ለእኔ እንዲያ ደከመች። አንጀቴን በላችው።

የጋዛው ጦርነት ከመጣ በኋላ ነገሩ ሁሉ ከረረ። አሽቀሎን ምን እንዳየች እኛ እናውቃለን፤ ደረጃ ሥር ተቃቅፈን ስንት ቀን አሳልፈናል። እሷም በሥራ ቀኗ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ከደንበኞቿ ጋር እኩል መጠለያ ትገባለች፤ ሲወጡ ግን "ሌላ ሰው የለም ወይ የሚያስተናግደን?" የሚል አይጠፋም። ከመሃላችን አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቶ ነው፣ "የዘንድሮውን ዒድ በጽሑፍ ብናደርገውስ? ዓረብኛ በአደባባይ መናገር ጊዜው አይደለም" አለ። እሷ ያን ዕለት አልመጣችም ነበር። ደሜ ፈላ። "የ-የ-የእኔንም ስግድ በጽሑፍ አድርጉት እንግዲያ" አልኩት። ጊዜ የሚመርጥ መልካም ምኞት መልካም ምኞት አይደለም አልኩ። ብዙ ብዙ አልኩ፣ በየቃሉ እየተያዝኩ፣ ማንም ሳያቋርጠኝ። በአፍ ይሁን ተባለ። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ኩራቴ ሳምንትም አልቆየ።

እናቴን ይዤ ለደም ግፊቷ የታዘዘላትን አዲስ መድኃኒት ልናወጣ ራማት ኤሽኮል ሄድን። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ተራችን ደርሶ ጓደኛዬ መድኃኒቱን አወጣች፣ እናቴን "እማማ" አለቻት፣ ኪኒኑን እያሳየች መቼ እንደሚዋጥ ልትነግረን ጀመረች። "ይሄ የሚወሰደው" አለችና ቆመች። ተያዘች። አፏ ክፍት፣ ድምፅ የለም። ከኋላችን አንድ ሰው "ኑ፣ ኑ" ማለት ጀመረ፣ በዕብራይስጥ ቶሎ በይ ነው። ሌላዋ ሴት ምላሷን ጠቅ አድርጋ "የሚናገር ሰው ይቅጠሩ እንጂ" አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም አፌን ከፍቼ "ከምግብ በኋላ" አልኩ። በዕብራይስጥ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰልፉ እንዲሰማ። የሚገርመው ደግሞ አንዴም አልተያዝኩም።

ጓደኛዬ ዓይኗን ከእናቴ ላይ አንሥታ አየችኝ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና እንደገና ጀመረች፤ የባሰ ተያዘች፣ በመጨረሻም "ከምግብ በፊት" አለች። በፊት ነበር የምትለው! ሰልፉ ሳቀ። አንዱማ "ሁለት ተንተባታቢ ተገናኙ" አለ፤ እኔንም ያውቀኛል መሰለኝ። እሷ መድኃኒቱን በከረጢት አድርጋ፣ ማስታወሻውን በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሰጠችኝ። ጻፈችልኝ፣ ለእኔ! አፈር በበላሁ ይሻለኝ ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ ለምን አደረግኩት? ለእሷ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ውሸት ነው። አፍሬ ነው። ያ ሰልፍ እሷን ሲያይ እኔን ያየ መሰለኝና ቶሎ እንዲያልቅ ፈለግኩ። ዕድሜ ልኬን የተናደድኩባቸው ሰዎች የሚያደርጉትን፣ እኔው፣ ሕጉን የማውቀው፣ በሕዝብ ፊት አደረግኩባት። ያውም ተሳስቼ።

ረመዳን ገባ። ሐሙስ መጣ፣ እሷ ግን የለችም። ጾማ ነው አልኩ። ሁለተኛው ሐሙስም፣ ሦስተኛውም ቀረች። አምና ግን በጾሟ መጥታ፣ ሰዓቷ ሲደርስ ቴምሯን ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው መሃላችን አፍጥራ ነበር፤ ለእኛም አንዳንድ ሰጥታናለች። ስለዚህ ጾም እንዳልሆነ ልቤ ያውቀዋል። በስልክ ይቅርታ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ለሾፌሩ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ጺሙን እያሻሸ ሰማኝና "እሷ ካ-ካልተመለሰች ሌላ የምትሄድበት የላትም፤ ቤቷ ውስጥ እንደሷ የሚናገር የለም" አለ። ከዚያ በላይ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

እንግዲህ ዒዱ ሲመጣ እዚያው፣ ያንኑ ሰልፍ ፊት፣ በአፌ እላታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የሚባለው "ኩል ዓም ወእንቲ ብኸይር" ነው፣ በየዓመቱ በደህና ያድርስሽ እንደ ማለት። መጀመሪያው "ከ" መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከዓረብኛ ሰላምታ ሁሉ ይሄኛው ለእኔ ደረሰ! "ዒድ ሙባረክ" የሚል አጭር አለ፣ አውቃለሁ። እሷ የእኔን አላሳጠረችምና እኔም አላሳጥርም።

በየመንገዱ ተለማመድኩ። ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ "ኩ-ኩ-ኩል" ስል አጠገቤ የነበረችው ሴት ዕቃዋን ሰብስባ ተነሣች። ጥቁር ሴት ሆኜ፣ በዓረብኛ፣ ያውም እየተንተባተብኩ፤ ሁሉንም ጨመርኩባት። የጣቢያው ጠባቂ መጥታ ምን እንደምል ጠየቀችኝ። የሚንተባተብ ሰው ጥበቃ ሲጠይቀው ሌባ ይመስላል፤ እንኳን ሊያስረዳ ስሙንም አይናገር። ቦርሳዬን ከፈትኩላት፣ አገላበጠችው፣ ሄደች። አውቶቡሱ እስኪመጣ ቀጠልኩ። ምን ልሁን?

እናቴ ስትሰማ "እኔም እመጣለሁ" አለች። ጎንደር ሳሉ ሙስሊም ጎረቤት ነበራቸው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ በዓል ሲሆን ግን ጥሬውን፣ እህሉንና ቡናውን፣ ለየቤታቸው ይላላኩ ነበር። "እንኳን አደረሳችሁ ሳንባባል ያለፍንበት ዓመት አላስታውስም" አለችኝ። ነጠላዋን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

ጓደኛዬ ከበዓሉ በኋላ ሥራ የገባችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ሰልፉ እንደ ወትሮው ረጅም ነው። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ምንም አላለም። "የመድኃኒት ማዘዣ?" ለማለት እጇን ዘረጋች። የለኝም አልኩ በእጄ። ጀመርኩ።

"ኩ" አልኩ። ተዘጋ። እንደገና "ኩ-ኩ"። አንገቴ ተገተረ፣ ዓይኔ ፈጠጠ፣ ያ የምጠላው መልክ ሁሉ ፊቴ ላይ ወጣ። ጓደኛዬ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ቆማ ጠበቀችኝ። ከኋላዬ መንሾካሾክ ተጀመረ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። ድንገት ከጎኔ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ዓረብኛ ከእናታቸው የተማሩ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ደስ ብሏቸው "ኩል ዓም ወእንቲ ብኸይር! ይሄን አይደል የምትይው?" አሉ። ሰልፉ እፎይ አለ። የሳቀም አለ። በቃ ተባለ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ አደረሱልኝ።

ጓደኛዬ ለሽማግሌው አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችና ዓይኗን መልሳ እኔ ላይ ተከለች። የእሳቸው ምኞት የእሳቸው ነው፤ የእኔ ገና አፌ ውስጥ ነው። "አዎ" ብዬ መውጣት እችል ነበር። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"ኩ-ኩ-"

"ተባለ እኮ!" አለ አንዱ ከኋላ። እናቴ ምርኩዟን ወለሉ ላይ ስትመታ ሰማሁ። እናቴ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ ለሐኪሙም ለአስተማሪውም ቃሌን ስትጨርስልኝ የኖረች ሴት ናት፤ አሁንም ልትጨርሰው ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ወደ ሰልፉ ዞረችና በአማርኛ "ዝም በሉ፤ ልጄ እየተናገረች ነው" አለቻቸው። ቋንቋውን የሰማ አልነበረም። ምርኩዙን ግን ሁሉም አየው።

"ኩል" አልኩ። "ዓም" አልኩ። ትንፋሽ ወሰድኩ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ። "ወእንቲ ብኸይር።"

ጓደኛዬ ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ተያዘች። ያ ጸጥታዋ መጣ፣ ከበፊቱ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ከኋላዬ ሰዓቱን ጮክ ብሎ የሚናገር አለ፣ በረጅሙ የሚተነፍስ አለ፣ የተራ ቁጥር ወረቀቱን የሚያጥፍና የሚዘረጋ አለ። መልሷን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቃል ነው፣ በአፌ ሞልቷል፣ እንደማይዘኝም አውቃለሁ። ጥርሴን ገጥሜ ቆምኩ። ሰልፉ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። እሷም እኔን እያየች፣ ሳትቸኩል፣ ቃሏን ራሷ ጨረሰችው።