ኩርኩም ያተጋው ማንን ነው?

የተጨፈለቀ ማንጎ ሲሸተኝ አምስተኛ ክፍል ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝም እናደዳለሁ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር። ከቀትር በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ክፍላችን ላብ፣ ጠመኔና ቦርሳ ውስጥ ከደብተር ጋር የተጨፈለቀ ማንጎ ይሸት ነበር። ሽታውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የምጠላው አብሮት የሚመጣብኝን ነው።

የሒሳብ መምህራችን አንድ ልማድ ነበራቸው። የማባዛት ጥያቄ ይጥላሉ፤ ተጠይቀው ያልመለሱት ይቆማሉ፤ የመለሰው ልጅ ዞሮ የቆሙትን ሁሉ ይኮረኩማል። ያለሳለሰ እንደሆነ አኮራኮሙን በራሱ አናት ላይ ያሳዩታል። «ለትጋት ነው» ይሉን ነበር። ብዙውን ጊዜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ስቼ የቆምኩበት ቀን የለም።

አጠገቤ የምትቀመጠው አስቴር ከደጋው መንደር ከኦቾሎ ወርዳ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ናት። አክስቷ ቁርጡን ነግራታለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ወደ ቤተሰቦቿ ተመልሳ ጥጥ ትፈትላለች። አስቴር ሰነፍ አልነበረችም። መጀመሪያ በጋሞኛ ታሰላና ከዚያ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች፤ እስክትመልሰው ግን መምህሩ አልፈዋታል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ማንጎ ዛፍ ሥር በጠጠር ስናሰላ ሁሌም የምትቀድመኝ እሷ ነበረች። ለመምህሩ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አንደኝነቴ ጣፍጦኝ ነበራ!

አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ስምንት ተጠየቀች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ፤ መለስኩ። ልኮረኩማት ስጠጋ «ቀስ በይ፣ እሺ?» አለችኝ በሹክሹክታ። መምህሩ እያዩኝ ነው። ባለ በሌለ ኃይሌ አናቷ ላይ አሳረፍኩት። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

አስቴር አላለቀሰችም። «ሃምሳ ስድስት። አውቄው ነበር እኮ» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ማንጎው ዛፍ ሥርም አልመጣችም። ሰኔ ላይ ወደቀች። አክስቷ እንዳለችው አደረገች፤ አስቴር ሳትሰናበተኝ ተሳፍራ ሄደች።

ዘንድሮ የያኔ ተማሪዎች ተሰባስበን ለመምህሩ ጋቢ አለበስናቸው። አንዳንዶቻችን የቢሮ ኃላፊዎች፣ አንዳንዶቻችን ነጋዴዎች ሆነናል። የተናገረ ሁሉ «በኩርኩም ሰው ያደረጉን» አላቸው። የዛሬ ተማሪ ስለማይመታ ሰነፈ፣ የዛሬ ሠራተኛ ስለማይፈራ ለገመ ተባለ። እኔም ቢሮዬ ውስጥ ሠራተኛ በሰው ፊት ስለማልቆጣ «አለሳለስሻቸው» እባላለሁ።

መምህሩ ክንዴን ይዘው «ይቺን ያተጋት የኔ ኩርኩም ነው!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ተጨበጨበ።

«መምህር፣ እኔ እኮ አንድም ቀን ተኮርኩሜ አላውቅም» አልኳቸው። «የምትኮረኮመው አስቴር ነበረች።»

«የቷ አስቴር?» አሉኝ።

የሚያስታውሳት ሰው ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘሁ። በየወንበሩ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አወቅኳቸው፤ ሁላችንም ኮርኳሚዎቹ ነበርን። ከተኮረኮሙት አንድም ሰው አልመጣም።