ቀኙን ለእኔ ተይልኝ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ላይ፣ ከሰፈሬ ወደ ዋናው አስፋልት በሚያወጣው መንገድ ጫፍ መኪናዬን አቁሜ ሳለ፣ ከጎኔ የነበረው ሚኒባስ ረዳት የመኪናውን በር በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ። ለሾፌሩ «ባዶ ነው፣ ውጣ» ማለቱ ነው። ሾፌሩ ወጣ። የእኔ እግር ግን ፍሬኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ከኋላዬ ያሉት ክላክሱን እስኪያቀልጡት ድረስ አያ ሞላን ነበር የማስበው።

አያ ሞላ ደብረ ታቦር ሳለን የአጥር ጎረቤታችን፣ የአባቴም የማኅበር ጓደኛ ነበሩ። ከእብናት እህል የሚያመላልሱባት አሮጌ ፒካፕ ነበረቻቸው። ጋቢናዋ ናፍጣና የጤፍ ብናኝ ይሸታል፤ የተቀደደው ወንበር ላይ ጆንያ ተነጥፏል፤ ከመስታወቱ በክር የታሰረ የእንጨት መስቀል ይወዛወዛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ካገኙኝ ያሳፍሩኛል። የሰፈራችን ኮረኮንች ወደ ጋሳይ ከሚወስደው አስፋልት ጋር የሚገናኝበት ስንደርስ የቀኙ ጠባቂ እኔ ነበርኩ። አንገቴን በመስኮት አስግጌ አያለሁ፤ ባዶ ከሆነ በሩን ከውጭ ሁለት ጊዜ እመታለሁ። እሳቸውም ዞር ብለው ሳያረጋግጡ፣ በእኔ በስምንት ዓመቷ ልጅ ዓይን ይወጣሉ። ማታ ስጸልይ ከወላጆቼ ቀጥሎ ስማቸውን የማነሳው ለዚህ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ሲሞላኝ መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ቦታ ተለዋወጥን። «ግራሽን አንቺ እይ፤ ቀኙን ለእኔ ተይልኝ» አሉኝ። ፍሪሲዮኑን አጣድፌ ስለቀው መኪናዋ ትንፈራገጣለች፤ እሳቸው ያልተገራች በቅሎ እንኳ እንዲህ አትዘልም እያሉ ይስቁብኛል።

ለመንጃ ፈቃድ ልፈተን ሳምንት ሲቀረኝ፣ በገበያ ቀን፣ እዚያው መገናኛ ላይ ቆምን። ከግራ የመጣውን የጭነት መኪና አሳለፍኩ። ግራው ጸዳ። በሩ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ ወጣሁ። በስተቀኝ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ። አያ ሞላን በዓይኔ ጠርዝ ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሳለማሉ። ከቀኝ ስትከንፍ የመጣች ባጃጅ እኛን ስትሸሽ ተገለበጠች። ተሳፍረው የነበሩ አንዲት እናት ክንዳቸው ተሰበረ።

ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ የተቀመጡት እዚያው ማርያም ቅጥር ውስጥ ነበር። አያ ሞላን ጠየቋቸው።

«‹ቆይ› ብያታለሁ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «እጄም በሩን አልነካም። ልጅ ናት፣ ቸኮለች።»

«ኧረ አያ ሞላ፣ ሁለቴ መቱ እኮ» አልኩ።

አባቴ «ዝም በይ» አለኝ። «እኒህ ሰው በማርያም ደጅ ቆመው ይዋሻሉ?»

መንጃ ፈቃዳቸው እንጀራቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢለምኑኝ ኖሮ ጥፋቱን እወስድላቸው ነበር። አልለመኑኝም።

ይቅርታ የሚጠየቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ድንጋዩን ከአጥሩ ሥር ያነሱልኝ አያ ሞላ ነበሩ። አንዱን አነሱና መልሰው ጣሉት፤ ቀለል ያለውን መረጡልኝ። ማጅራቴ ላይ ሲያስቀምጡት ጣቶቻቸው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታሉ። ክንዳቸው ከተሰበረው እናት እግር ሥር ወደቅኩ። «ተነሽ ልጄ፣ እግዜር ይፍታሽ» አሉኝ። አባቴ ዳግመኛ መሪ አላስያዘኝም፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እዚህ ድሬዳዋ ከመጣሁ በኋላ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ነው።

አያ ሞላ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። አባቴ በስልክ ሲያረዳኝ፣ እንደ ልጃቸው ሲያዩሽ ኖረው እንዴት አታለቅሺም ብሎ ታዘበኝ። ማታ ስጸልይ ዛሬም ስማቸውን አነሳለሁ፤ ግን ያ የድንጋይ ምርጫቸው ይመጣብኝና ጸሎቱ መሃል ላይ ይቆምብኛል።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ «ባዶ ነው፣ ውጪ» ሲለኝ በደረቱ ላይ ተንጠራርቼ ቀኙን ራሴ አያለሁ። ይቀየመኛል። እዚህም ከመገናኛው ማዶ ቤተ ክርስቲያን አለ። የምሳለመው ተሻግሬ፣ ዳር ይዤ፣ መኪናዋን ካቆምኩ በኋላ ነው።