ያዘገየኋት ተማሪ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ለስደተኛ ልጆች ፊደል ሊያስተምሩ የተዘጋጁ ወጣቶች «ሰው ማንበብ ቻለ የሚባለው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ድሮ አገር ቤት መምህራን ማሠልጠኛ የተማርኩትን ደገምኩላቸው። ፊደል መቁጠር ሌላ፣ ማንበብ ሌላ፤ ድምፁን ማውጣት አንድ ነገር ነው፣ ትርጉሙን መያዝ ደግሞ ሌላ። በየደብተራቸው ጻፉት። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ማሠልጠኛው ውስጥ አይደለም።

ካርቱም በገባሁ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ዓመት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት አቧራ ስቅም እውልና ዓርብ ከሰዓት፣ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ሰባት ስምንት ሴቶች አስተምር ነበር። አብዛኞቹ በየሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ናቸው። ዕረፍታቸው ያቺው ከሰዓት ናት። እነሱ ደክመው ይመጣሉ፣ እኔም ደክሜ እጠብቃቸዋለሁ። አንዷ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ሲወስዳት አልቀሰቅሳትም፤ በምን አንጀቴ! ከአገር ቤት ደብዳቤ ሲመጣላቸውም የማነብላቸው እኔው ነበርኩ።

ከመካከላቸው አንዷ ቡሪ ሰፈር ነበር የምትሠራው። መጀመሪያ የመጣች ቀን «የእናቴን ወሬ ከሰው አፍ መስማት ሰለቸኝ፤ ራሴ ላንብበው» ነበር ያለችኝ። ጥቂት ወራት እንደተማረች፣ በረመዳን፣ ከወንድሟ የተላከ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። ከሥሩ «እናታችን ከረመዳን በፊት አኺራ ሄዳለች» ይላል። ዓይኔ ቀድሞ አየው፤ አፌ ግን ዘለለው።

«እናትሽን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ይሻላታል» አልኳት።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንለያይም። ከከተማው ዳር፣ ካላክላ የምትኖር የአክስት ልጅ ነበረቻትና በማግስቱ በሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ሄጄ ነገርኳት።

ሴትየዋ አልቅሳ ስታበቃ «ኡስታዝ፣ በሰው ቤት ሆና የት ተቀምጣ ታልቅስ?» አለችኝ። «ማዳሟ ሦስት ቀን ኢጃዛ ትስጣትና ኢንሻአላህ ለኢድ እዚህ አምጥተን እናረዳታለን።»

ኢድ መጣ። እንግዳ በዝቷል ተብላ ፈቃዱን ተከለከለች። እንግዲህ ለአረፋ ይሁን ተባለ። እሷ በየሳምንቱ «እናቴ ዳነች ይሆን?» ትለኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ አንገቴን ደፍቼ ጠመኔ እፈልጋለሁ።

እናም አዘገየኋት። ሌሎቹን ወደ ቃላት ሳሻግር እሷን የፊደል ገበታው ላይ አቆየኋት። ልጅ ሆና ቁርአን የቀራችው በቃሏ ነውና አንዴ የሰማችውን አትለቅም፤ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ትወጣዋለች። ካርቶን በስቼ በቀዳዳው አንድ ፊደል ብቻ ሳሳያት ግን፣ ከ«ሀ» ጀምራ በሆዷ እየቆጠረች ካልደረሰችበት አታውቀውም ነበር። ይህን ማቃናት የአስተማሪ ሥራ ነው። እኔ ካርቶኑን ቁምሳጥን ላይ ወረወርኩትና «ገና ነሽ፤ ከመጀመሪያው በይልኝ» እያልኩ ቀጠልኩ። ደክሞኝ ነው እንዳልል፣ ለሌሎቹ አልደከመኝም። ደብዳቤው እሷ ጋ ነበርና እንዳታነበው ፈርቼ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ተረት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሌሎቹን ያስነበብኩትም ያን ሰሞን ነው፤ እንዴት አላፈርኩም!

እሷ ግን እኔን አልጠበቀችም። ዴም ሱቆች ላይ በአማርኛ የተጻፈውን፣ የምግብ ቤቱን ሰሌዳ፣ የካሴቱን ሽፋን ሁሉ ቆማ እያየች ፊደሉን ለብቻዋ ለየችው።

አረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ያው ደብዳቤ ነው።

«ኡስታዝ፣ ዛሬ እርስዎ ያዳምጡኝ» አለች።

ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ላ፣ ላ፣ አያግዙኝ! ወላሂ እችላለሁ» ብላ ዞረችብኝ።

እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየነካች ሰላምታውን ተወጣችው። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «እ… ና… ታ… ች… ን» አለች። ላስቆማት እችል ነበር። «ከ… ረ… መ… ዳ… ን» እያለች፣ አንድም ሳትስት እስከ አራት ነጥቡ ደረሰች።

ቀና ብላ በኩራት ፈገግ አለች። ፊደሉን መልቀም ጉልበቷን ሁሉ ወስዶባት ያነበበችው ነገር ገና አልደረሳትም ነበር።

«ልክ ነኝ ኡስታዝ?»

ሁለት ወር ሙሉ «ገና ነሽ» ስላት የኖርኩት እኔው ነኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት።

ጣቷ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሰ። አሁን ድምፅ አላወጣችም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ፈገግታው ጠፋ። ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወረደ፤ ገጹን ጨረሰ፤ ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ አየችና እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ይሻላታል ያሉኝስ?» አለችኝ። «የቱ ጋ ነው ያለው?»