ጀልባዋን ወደ ወንጪ ያወጣንበት ቀን

የጭነት መኪናዬ ጎን የላትም። ከኋላ ያላት ጠፍጣፋ ወለል ብቻ ነው። እህልና አሸዋ የሚያስጭን ሰው አይቷት ያልፋል፤ የሚፈልጋት ረጅም ወይም እንግዳ ነገር ያለው ሰው ነው። አጠና፣ ፌሮ፣ የውሃ ታንከር፣ አንዳንዴም ማሳ ላይ ተበላሽቶ የቀረ ትራክተር ጭኛለሁ። እንዲህ ያለ ጭነት በየቀኑ አይገኝምና የሥራዬ ግማሹ መጠበቅ ነበር።

የምጠብቀው ከአምቦ ወደ ጉደር በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሻይ በምትሸጥ ሴት ደጃፍ ላይ ነው። እትዬ እላታለሁ። ደላሎቹ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሯሯጣሉ፤ እሷ ከወንበሯ ሳትነሳ ከሸነን እስከ ጊንጪ ማን ቤት እንደሚያፈርስ፣ ማን ጣራ እንደሚያለብስ ታውቃለች። ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይነግራታል።

ነገሩ የሆነው ወደ ወንጪ የሚወጣው መንገድ አስፋልት ከመልበሱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። መስከረም ገብቷል፣ ጭቃው ግን አልደረቀም። አምስት ቀን ሙሉ ጭነት አጥቼ ተቀምጬ ነበር።

«ጀልባ ትጭናለህ?» አለችኝ እትዬ፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

የቀለደች መሰለኝ። «አምቦ ላይ ደግሞ ምን ጀልባ አለ?»

«እኛ ሰፈር አለ። አልጋ የሚሠሩት ሽማግሌ ሠርተው ግቢያቸው ውስጥ አቁመውታል። የሚያወጣላቸው ሰው አጡ።»

ሄጄ አየሁት። እውነት ነው። ዙሪያውን በባህር ዛፍ በታጠረ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤቱ ሊረዝም ምንም ያልቀረው ጀልባ በግንዶች ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል። የጽድ ሳንቃው ቀይ ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሬንጅ ተደፍኗል። የአናጢው ባለቤት ከጀልባው አፍንጫ እስከ በረንዳው ምሰሶ ገመድ ዘርግተው ልብስ አስጥተውበታል።

አናጢው ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አልጋና ቁምሳጥን ሲሠሩ ኖረዋል። ከሐሮ ወንጪ አንድ ገበሬ መጥቶ ጀልባ ሥሩልኝ ሲላቸው እምቢ ማለት አቃታቸው።

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ጀልባ ሠርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ ሐይቅም አይቼ አላውቅ። ሰውዬው በእጁ እያሳየ ነገረኝ። በኋላም አንድ ሥዕል አመጣልኝ።» ሳንቃውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «እናቱ አርጅተዋል አለኝ። ደሴቱ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ይወዳሉ። እዚያ ያሉት ጀልባዎች ጠባብ ናቸው፣ ሲወዛወዙ እየፈሩ ከቀሩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሰፊ ሥሩልኝ፣ መደገፊያ ያለው መቀመጫ አድርጉላቸው አለኝ። ይኸው።»

መቀመጫውን አየሁት። መደገፊያው ላይ፣ ሙሽሮች በሚገዙት አልጋ ራስጌ ላይ የሚያደርጉትን አበባ ቀርጸውበታል።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ አጥሩን አፈረስን። ጀልባዋን አሥራ አራት ሰው አንሥቶ መኪናዬ ላይ አወጣት። ከወለሉ ስለምትረዝም አፍንጫዋ ከጋቢናው ጣራ በላይ ወደ ፊት ወጣ። በጆንያ ደግፌ፣ በገመድና በሰንሰለት ወጥሬ አሰርኳት። አናጢው ጋቢና ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጡ።

«ስትነቃነቅ ካልሰማኋት አላምንም» አሉ።

ከተማውን እንደለቀቅን ፀሐይ ከኋላችን መጣች። የጀልባዋ አፍንጫ ጥላ ከፊቴ መንገዱ ላይ ተጋድሞ፣ እኔ ስነዳ እሱ እየመራኝ ዳገቱን ተያያዝነው። በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምሄደው። አደይ አበባ በሁለቱም ወገን ሜዳውን አልብሶታል፤ የገብሱ ማሳ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። መስታወቱን ዝቅ ሳደርግ የሬንጅና የእርጥብ ሣር ሽታ አንድ ላይ ይገባል። ያን ጊዜ የጭነት ሥራ ላይ መሆኔን ረሳሁት። ጥላው ቀስ እያለ አጠረና ደመናው ውስጥ ስንገባ ጠፋ።

ወንጪ አካባቢ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም። እንሰቱ ከመንገዱ ዳር በድንገት ብቅ ይላል፣ ሰፊ ቅጠሉን ያሳይና መልሶ ይጠፋል። አንዲት አሮጊት ድርቆሽ ተሸክመው ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ቆመው ሽቅብ አዩ።

«ኩን ማሊ?» አሉኝ፤ ይህ ምንድነው ማለታቸው ነው።

«ቢዲሩ» አልኳቸው፤ ጀልባ።

ጀልባዋንና ውስጧ የተቀመጡትን ሽማግሌ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ምንም ሳይገርማቸው፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ ብለው መርቀውን አለፉ።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ቀይ ጭቃው ከዳኝ። የኋላ ጎማዎቹ ወደ ገደሉ በኩል ሲንሸራተቱ ተሰማኝ። ፍሬን ብይዝ እንደሚብስ አውቃለሁ፤ እግሬን ከነዳጁ አንሥቼ መሪውን ወደ ዳገቱ መለስኩ። መኪናዋ እንደ ደከመ በሬ ተንፍሳ ቆመች። ወርጄ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ አስገባሁ። ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ አይርቅም። ከታች ያለው ጉም ብቻ ነው፤ ውስጡ የሚወርድ ውሃ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይውረዱ» አልኳቸው።

ወረዱ። ግን ወደ መንገዱ ዳር አልሸሹም፤ በላይኛው በኩል ዞረው የጀልባዋን ጎን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ የደነበረ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው።

«ጋሼ፣ ብትሄድ እርስዎ አይመልሷትም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን ብለቃት ይቆጨኛል።»

ወደ ገበያ የሚወርዱ ፈረሰኞች ደረሱልን። ስድስት ነበሩ። ብዙም አልጠየቁም፤ ፈረሶቻቸውን አስረው የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ከጎማው ፊት ነጠፉ። ገመድ ከጀልባዋ ወገብ አስረው ወደ ዳገቱ ወጥረው ያዙ። እኔ ገብቼ ነዳጅ በቀስታ ሰጠሁ። ጎማው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ሦስተኛው ላይ ቅርንጫፉን ነከሰ። መንገዱ መሐል ስትገባ አቁሜ ወረድኩ። «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሳቀና፣ «ውሃው ሩቅ አይደለም» አለኝ።

የገደሉ አፋፍ ላይ ገበሬው ከመንደሩ ሰዎች ጋር ይጠብቀን ነበር። ቁልቁል ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ያን የሚያህል ረጅም ጭነት ይዞ መታጠፍ አይቻልም። ስለዚህ ጀልባዋን ከዚያ በትከሻ ሊወስዷት ነው። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ከሥሯ ገብተው አነሷት። አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እኔና አናጢው ከኋላ ተከተልን። ጉሙ እስከ ትከሻቸው ይደርሳል፤ ከኋላ ሆኜ ሳይ ሰዎቹ አይታዩኝም፣ ጀልባዋ ብቻዋን ነጭ ነገር ላይ እየተንሳፈፈች፣ ዜማው ከሥሯ እየመጣ ትወርዳለች። እያለምኩ እንዳልሆነ ለማወቅ የአናጢውን ክንድ ያዝኩ። እሳቸውም የእኔን ያዙ።

ከግማሽ መንገድ በታች ጉሙ ተገፈፈ። አናጢው ቆሙ።

«ያ ሁሉ ውሃ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«መሬት መስሎኝ ነበር። ሰማይ የወደቀበት መሬት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ያህል መሆኑን ባውቅ አልደፍረውም ነበር» አሉኝ።

ጀልባዋን ውሃው ላይ አሳረፏት። ተንሳፈፈች፤ ግን ወደ ግራ ትንሽ ዘመም አለች። አናጢው ፊታቸው ተለወጠ። «በዚህ በኩል ያለው ሳንቃ እርጥብ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ገበሬው ሁለት ድንጋይ አምጥቶ በቀኝ በኩል አስቀመጠ፤ ተስተካከለች።

ከዚያ እናቱን አመጧቸው። ቀጭን፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። ልጃቸው አቅፎ አስገባቸው። መቀመጫውን በእጃቸው ፈለጉት፣ ተደገፉ፤ ጣቶቻቸው የተቀረጸውን አበባ አግኝተው በቅጠሎቹ ላይ አንድ በአንድ ሄዱ።

«ሲሬ ፈካታ» አሉ። አልጋ ይመስላል።

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። አናጢው ቀና ብለው እኔን አዩና፣ «ታወቀብኝ» ብለው እሳቸውም ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

እኛንም አሳፈሩን። ገበሬው ይቀዝፋል፤ እናቱ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። አናጢው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው መጋጠሚያውን በጣታቸው ይከተላሉ፤ በሁለት ቦታ ውሃ ጠብ ይላል፣ እንጨቱ ሲያብጥ ይዘጋል ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ። እኔ ምንም የምይዘው አልነበረኝም። በዚያ አገር ተራራ ላይ መሪም ፍሬንም ሳልነካ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ደሴቱ ወደኛ ይመጣ እንደሆነ፣ እኛ ወደ እሱ እንሄድ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማቸው በአንድ እጃቸው አማተቡ፤ ሌላው ግን ከአበባው ላይ አልተነሣም።

አናጢው የዚያን ቀን ከእኔ ጋር አልተመለሱም። ሳንቃው እስኪያብጥ እጠብቃለሁ ብለው ሦስት ቀን ገበሬው ቤት ሰነበቱ። በዓመቱ ሌላ ጀልባ ታዘዙ፤ እሷንም ያመጣኋት እኔ ነኝ። ያቺኛዋ አልዘመመችም። ሦስተኛዋን ሳይጨርሱ አረፉ። ሳንቃዎቹን ባለቤታቸው ለማንም አልሸጡም፤ ለጀልባዎቹ የፈረሰውን አጥር መልሰው ሲያጥሩ ከሳንቃዎቹ ከፊሉን በር አደረጉት፣ ሰፊ በር፤ መኪናዬ በነፃነት የምትገባበት።