የተገዘተው አጋም

ዳንግላ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ አንድ ቁጥቋጦና አንድ አጥቢ እንስሳ በምደባና በጥበቃ እንዲያወዳድሩ የቤት ሥራ ሰጠሁና፣ እኔም ምሳሌ ፍለጋ በጋሪ ወላጆቼ ዘንድ ሄድኩ። ከጓሯቸው ጥግ ባለው አጋም ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ታድራለች። ቁጥቋጦና አጥቢ አንድ ቤት ተከራይተው የት ይገኛሉ?

ለካ አባቴ አጋሙን መንጥረው ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ሊተክሉበት መጥረቢያ እየሳሉ ኖሯል። የአዲስ ቅዳም ከተማ ሰው ያንን ዛፍ እያከሰለ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አይተው እንቅልፍ አጥተዋል። የእናቴ ንቦች ደግሞ የሚቀስሙት ያንን አጋም ነው፤ ከተቆረጠ ቀፎዋ ባዶ መቅረቱ ነው። ሁለቱም እንድዳኛቸው ወደ እኔ ዞሩ።

የተማረ ሰው አስተያየት ሲጠየቅ ደረቱ ይሰፋል፤ የእኔም ሰፋ። አጋም አበባ ከሚያወጡት ዕፅዋት ወገን ነው፣ ሚዳቋ ግን ከአጥቢዎች ሆና ከላምና ከፍየል ጋር አንድ ቤተሰብ ናት ብዬ ጀመርኩ። አባቴ አስቆሙኝና፣ የፍየል ዘመድ ከሆነች ለፋሲካ የማናርዳት ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ወደ ጥበቃው አለፍኩ። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ሁለቱም ይጠፋሉ ተብለው ከሚያሰጉት ውስጥ አይደሉም አልኩ።

«ካላሰጋማ ልቁረጠው» ብለው ተነሡ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ አስተያየት በኋላ ከዲግሪዬ የተረፈ ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔን ትታ ደጃፉ ላይ ቆመችባቸው።

«አጋሙን ከነእንግዳው እንዳትነካ፣ በማርያም ገዝቼሃለሁ።»

መጥረቢያው ወረደ። ግዝት ከገባ ቄስ እስኪፈታው አባቴ ቅጠል አይነኩም። እስከ ማታ አኮረፉ። እኔ የአንድ ዲግሪ ትምህርት ያላስጣለውን አጋም እሷ በአንድ ቃል አስጣለችው፤ ቀናሁባት።

ክረምት ላይ ስመለስ ሚዳቋዋ የእናቴን ጎመን እስከ ግንዱ ግጣዋለች። እናቴ ዱላ ይዛ ስትወጣ፣ አባቴ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ጠበቋት።

«ከነእንግዳው ነው ያልሽው። የገዘትሽውን ራስሽ ልታባርሪ ነው?»

ቄሱ ዘንድ ሄዳ ማስፈታት ትችል ነበር። ግዝቱ ሲፈታ ግን መጥረቢያውም ይነሣል። ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፋ ገባች፤ አባቴ ሳቃቸውን በጋቢው ሸፈኑ።

ዘንድሮ ከአጋሙ ሥር ሌላ የጎመን መደብ አለ። እናቴ ከዚያ አትቀጥፍም፤ የእንግዳዋ ድርሻ ነው። የቆፈሩት አባቴ ናቸው።