ሳልረግጠው ያጸደቅሁት ወሰን

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ስለ ወሰኑ ውል ለመራጮቼ ለማስረዳት ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ነኝ፤ የመረጡኝም የአርማጭሆ ሰዎች ናቸው። ሚኒስትሮቹ ከጎረቤት አገር ጋር የተዋዋሉት ውል ለምክር ቤታችን ሲቀርብ እጄን አንሥቻለሁ። እውነቱን ልናገር፦ ያነሣሁት ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ስላነሣ ነው።

ጎንደር

ጠዋት ጨው ጭኖ ወደ ሳንጃ ከሚወርድ ማኪና ጋር በሦስት ብር ተስማማሁ። ወለቃን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሹፌሩ «ጌታዬ፣ በምን ጉዳይ ነው?» ቢለኝ «ዘመድ ጥየቃ» አልሁት። ምን ዓይነት ውሸታም ነኝ! ገና ሳልደርስ ማፈር ጀምሬአለሁ።

ከሳንጃ ወዲያ

ሁለት ቀን በበቅሎ ወርጄ አያ ደርሶ ቤት ደረስሁ። በምርጫው ጊዜ በየመንደሩ ይዘውኝ የዞሩ ሽማግሌ ናቸው። የቀረበልኝን ጠላ ሳልቀምስ፣ ውል የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነው እያልሁ መዘርዘር ያዝሁ።

«ደብተራው ሕገ መንግሥቱን አንብቦልናል» አሉኝ። «አገር የሚቆርስ ውል ሁለቱ ምክር ቤቶች ካልተስማሙበት አይጸናም ይላል። ሐሰት ነው?»

«እውነት ነው፣ አያ።»

«ምነው ታዲያ? ወሰኑን ረግጠኸዋል?»

በኛ አገር የሁለት ጎረቤት ድንበር የሚዳኝ ሽማግሌ ዙሪያውን በእግሩ ሳይረግጥ ቃል አይሰጥም። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። «አልረገጥሁትም» አልሁ።

ይዘውኝ ወረዱ። ውሉ ወሰን ያደረገውን ጅረት ተሻገርን፤ የአያ ደርሶ የሰሊጥ ማሳ ያለው ከማዶ ነው። ሌላ መሬት የላቸውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ!

አልተቆጡም። «አሁን አለቀ?» አሉ ብቻ።

«የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ገና ነው። እሱ ካልተስማማ ጃንሆይም አያጸድቁትም።»

ፊታቸው በራ። «ሸጋ! እንግዲያ ያየኸውን ንገርልን።»

እነግራለሁ ብዬ ማልሁላቸው።

አዲስ አበባ

ከነአቧራዬ ወደ ምክር ቤቱ ጸሐፊ ገባሁ። «እንዴ! አልሰሙም እንዴ?» አለኝ። «መወሰኛው እኮ እርስዎ በሄዱበት ዋዜማ ተስማምቶበታል።»

ሳልጠይቅ ነበር የሄድሁት። ሳልረግጥ ፈረድሁባቸው፤ ሳልጠይቅ ደግሞ ተስፋ ሰጠኋቸው። ይህ መንገድ ያስተማረኝ፣ የሌላ ሰው ነው እያልሁ የሸሸሁት ሥልጣን በእጄ የነበረ መሆኑን ነው።

ቤቴ ገብቼ ለአያ ደርሶ ደብዳቤ ጀመርሁና ቀደድሁት። ደብተራው ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ታየኝ። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ፊታቸው ቆሜ እነግራቸዋለሁ። አያ ደርሶ ግን አሁን ከጅረቱ ማዶ፣ እኔን አምነው፣ ማሳቸውን ለከርሞ ዘር እየመነጠሩ ይሆናል።